የጁምዓ ሰዓት ሚዛን

ስሜ ትህትና ነው። እናቴ ስታወጣልኝ ምን አስባ እንደነበር እሷ ትወቅ፤ ጠባዬን የሚያውቅ ሰው ስሜን ሲጠራ ሁልጊዜ ፈገግ ይላል። ቶሎ ቱግ እላለሁ፣ ቶሎም ይበርድልኛል። የዚያን አርብ ግን ሳይበርድልኝ ዋለ፤ ከሁሉም ይልቅ የተናደድኩት በራሴ ነበር።

ቢሯችን ሄርማታ ሰፈር ነው፣ ከገበያው ጀርባ፣ ከአንድ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ በላይ። በሊሙ ዙሪያ ያሉ የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች ሚዛናቸው አጠገብ ታብሌት አላቸው። ገበሬው ቀይ እሸቱን ያስመዝናል፣ ክብደቱ ታብሌቱ ላይ ይወጣል፣ አውራ ጣቱን አሳርፎ ያጸድቃል፤ ያን ጊዜ ቡናው በስሙ እኛ ቢሮ ባለው ሰርቨር ላይ ይመዘገባል። ያንን ሲስተም የሠራሁት እኔ ነኝ። አለቃዬ ጋሽ ፈለቀ ዕድሜያቸውን በቡና ሥራ የጨረሱ፣ ኮምፒውተርን እንደ በቅሎ የሚያዩ ሰው ናቸው፤ እምቢ ካለ መምታት፣ ካልሆነም ማሳረፍ።

ኅዳር ላይ ግን ይሄ ሲስተም አያርፍም። እሸት በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ይቦካል። ሰርቨሩ ከጠፋ ሚዛኑ ሁሉ ይቆማል፣ ያልጸደቀ ክብደትም ደብዛው ይጠፋል። ስለዚህ አዲስ ነገር መጨመር ሲያስፈልግ ሲስተሙ እየሠራ ነው የምጨምረው፤ ድስቱን ከእሳት ሳያወርዱ ቅመም እንደ መጨመር። የምንጨምራትን ቁራጭ ፕሮግራም ኮምፖነንት እንላታለን። አዲሷ ስትገባ አሮጌዋ የያዘችውን ሥራ ጨርሳ ትወጣለች፤ ሚዛኑ ላይ ያለው ሰው የተለወጠ ነገር መኖሩን እንኳ አያውቅም።

ለዚህ ሥራ የመረጥኩት ሰዓት ነበረኝ፤ አርብ፣ የጁምዓ ሶላት ሰዓት። ያን ጊዜ ከሄርማታ እስከ ሊሙ ገነት ሱቁ ይዘጋል፣ ባጃጁ ይቆማል፣ ሰዉ መስጊድ ነው። ሰርቨሩ ላይ አንድም ክብደት አይገባም፤ ወራት ሙሉ አይቻለሁ፣ ጸጥ ነው። እኔ የዚሁ ከተማ፣ የበቾ ቦሬ ሰፈር ልጅ ነኝ፣ አዛን እየሰማሁ ነው ያደግኩት፤ ጁምዓን ለእኔ ማን ይነግረኛል?

የዚያን አርብ የማስገባት ኮምፖነንት የተሠራችው ለአንዲት ሴት ተብላ ነው። ዙሀራ ትባላለች፤ ከሊሙ ገነት ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ የምትኖር፣ ባሏ አምና የሞተባት ሴት ናት። በአካል አግኝቻት አላውቅም። የባሏ ታላቅ ወንድም ሙሀጅር፣ ሴት ብቻዋን የቡና ማሳ አትይዝም፣ ማሳው ለእኔ ይሁንና እሷን እኔ እጦራታለሁ ብሎ ተነሳ። መጦር ማለት የሰው ጓዳ ገብቶ የሰው እጅ እያዩ መኖር ነው፤ ዙሀራ አሻፈረኝ አለች። ነገሩ ሽማግሌ ዘንድ ደረሰ። ሽማግሌዎቹም የዘንድሮውን ቡና ራሷ አስለቅማ፣ በራሷ ስም፣ ባሏ ያስረክብ ከነበረው ሳታሳንስ ካስረከበች ማሳው የእሷ ይሁን፣ ካልቻለች ሙሀጅር ይረከበው ብለው ቆረጡ። የሚቋጨውም በዚያው አርብ ነበር፣ ከሰዓት በኋላ፣ ዐስር ከሚባለው ሶላት በፊት።

ቡናውስ ነበራት። ችግሩ «በራሷ ስም» የሚለው ላይ ነበር። የእኔ ሲስተም የሚያውቀው አባወራን ብቻ ስለሆነ ዙሀራ ያስረከበችው ሁሉ በሟቹ ባሏ ስም ሲገባ ከረመ። ይህን የነገረችኝ እዚያው ጣቢያ ሚዛን ላይ የምትሠራው፣ ቲቲ እያለች የምትጠራኝ ጓደኛዬ ሲሃም ናት። ደውላ ሰላም እንኳ ሳትለኝ፣

«ቲቲ፣ የሞተ ሰው ቡና ይለቅማል እንዴ?» አለችኝ።

አፈርኩ። ሳምንቱን ሙሉ ተቀምጬ ቡናውን በአባወራው ሳይሆን በባለማሳዋ ስም የሚመዘግብ፣ የቀደመውንም ወደ ስሟ የሚያዞር ኮምፖነንት ሠራሁ፤ የገበሬዎቹ ማህበርም ተስማማበት፤ ሲሃምም የዙሀራን አሻራ ቀድማ መዘገበች። ዙሀራ ማሳዋ ላይ የቀረውን እሸት፣ ከባሏ ጋር የሚያስተካክላትን፣ አርብ ይዛ እንድትመጣ ተነገራት። እኔም በጁምዓ ሰዓት ከተማው ጸጥ ሲል አዲሷን ኮምፖነንት አስገባኋት። ቀይ ጽሑፍ አልወጣም። ደስ ብሎኝ የጾም ሽሮዬን ከፈትኩ።

አንድ እንኳ ሳልጎርስ ሲሃም ደወለች። ዙሀራ መጥታ እንደነበር፣ እሸቷ ተመዝኖ ገንዳው ውስጥ እንደፈሰሰ፣ ለማጽደቅ ሲሉ ገጹ ነጭ ሆኖ እንደቀረ ነገረችኝ። ክብደቱ የለም። በጁምዓ ሰዓት ደግሞ ምን ሚዛን አለ ብዬ ጮህኩባት።

«ሴቶች የሚያስመዝኑት እኮ በጁምዓ ነው» አለች።

ከዚያ በኋላ ያስረዳችኝን ሳስበው እስካሁን ያቃጥለኛል። ወንዶቹ መስጊድ ሲሄዱ ሰልፉ ባዶ ይሆናል፣ የሚጋፋም የለም፤ ሴቶቹ እሸታቸውን የሚያመጡት ያኔ ነው። ክብደቱ ግን ክፍት ሆኖ ይቆያል። የሚያጸድቀው የአባወራው ጣት ነውና ባሎቻቸው ከሶላት ሲመለሱ እየተጠሩ ያሳርፋሉ፤ የዙሀራን ደግሞ የጣቢያው ኃላፊ ያሳርፍላት ነበር። እኔ ቢሮ ተቀምጬ ጸጥታ የመሰለኝ ሴቶቹ ጣት ሲጠብቁ ነው። ጁምዓን ማን ይነግረኛል ብዬ ነበር አይደል? ሲሃም ነገረችኝ።

የሌሎቹ ሴቶች እሸት ባሎቻቸው እስኪመጡ በጆንያው ስለሚቆይ ደግሞ ይመዘናል። የዙሀራ ግን ፈስሷልና ተመልሶ አይመዘንም፤ ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ እየተፈለፈለ ነው። ሲሃም ክብደቱን በቃሏ ታውቀዋለች። ግን የሲሃም እናትና ዙሀራ የእህትማማች ልጆች ናቸው፤ ሙሀጅር ይህን ለሽማግሌ ለመናገር አይሰንፍም። ለዙሀራ ተብላ የተሠራችው ኮምፖነንት የዙሀራን ቡና ዋጠችው ማለት ነው፤ ማሳውም አብሮ ሊሄድ ነው።

አንድ ተስፋ ብቻ ቀርቶናል። አሮጌዋ ኮምፖነንት የያዘችውን ሥራ ሳትጨርስ አትወጣም። የዙሀራ ገጽ ታብሌቱ ላይ እስካልተዘጋ ድረስ ሰርቨሩ ሜሞሪ ውስጥ ተቀምጣ፣ ክብደቱን ይዛ ትጠብቃለች። የምታስረክብበትን መንገድ አዲሷ ስለዘጋችባት ነው ገጹ ነጭ የሆነው። ታብሌቱ ከተዘጋ ወይም ሰርቨሩ ከጠፋ ግን ከነክብደቱ ትሄዳለች። ሲሃም ታብሌቱን እንዳትዘጋው፣ በስህተት እንኳ እንዳትነካው አስጠነቀቅኳት። ዙሀራም ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሄዳ ትንሽ እንዲታገሷት እንድትለምን ላክናት። ምን ብላ ነው የምትለምነው ብላ ሲሃም ጠየቀችኝ።

ሶላቱ አልቆ ጣቢያዎቹ ሥራ ሲጀምሩ የጋሽ ፈለቀ ስልክ ይጮህ ጀመር። አሮጌዋም አዲሷም እኩል መልስ እየሰጡ ታብሌቱን ሁሉ አንቀራፈፉት። አንዱ ጋ ስክሪኑ ደርቋል፣ ሌላው ጋ ሰልፉ መንገድ ዘግቷል፣ እሸቱ ፀሐይ ላይ ነው። ጋሽ ፈለቀ ከክፍላቸው ወጥተው ሰርቨሩን አጥፍቼ እንዳበራው አዘዙኝ። እውነታቸውን ነው። አጥፍቼ ባበራው ሁሉም ነገር በአፍታ ይስተካከላል፤ ከዙሀራ በቀር።

ነገርኳቸው፣ በጥሩ አነጋገር አልነበረም እንጂ። ሰሙኝ። የብዙ ሰው እሸት እየቦካ ነው፣ ለሴትየዋ እኔው ራሴ ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሄጄ አስረዳላታለሁ አሉ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ይሄዱም ነበር።

«ጋሽ ፈለቀ፣ ምን ብለው ነው የሚያስረዱላት? ኮምፒውተር በላው ብለው?» አልኳቸው።

አባቴ ቢሰማኝ ኖሮ ከቤት ያስወጣኝ ነበር። ፊታቸው ጠቆረ። ሰርቨሩ ወዳለበት ጥግ መራመድ ሲጀምሩ ቀድሜያቸው ሄጄ ወንበሬን እዚያው ተከልኩና ጀርባዬን ሰጥቻቸው መጻፍ ጀመርኩ። ካጠፉት እኔም አብሬው እንደምወጣ፣ ዳግመኛም እንደማልመለስ ነገርኳቸው። ቆመው ሲተነፍሱ ይሰማኛል። በመጨረሻ ጣቢያዎቹ ለጊዜው በወረቀት እየመዘገቡ ይመዝኑ ብለው ደወሉና ወደ እኔ ዞረው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ብቻ፣ ከዚያ ግን በራሴ እጅ ነው የማጠፋው አሉኝ።

የምጽፋት ኮምፖነንት ትንሽ ናት፤ ስሟን አቀባይ አልኳት። ሥራዋ ሜሞሪው ውስጥ አሮጌዋን ፈልጋ፣ የያዘችውን ክብደት ተቀብላ ለአዲሷ ማቀበል ነው። ሳልሞክራት፣ ሰው እየተጠቀመበት ያለ ሲስተም ውስጥ ላስገባት ነው። ይህን ሌላ ሰው ሲያደርገው ባይ አብጠለጥለው ነበር። ትንሽ ብትሳሳት አሮጌዋን ራሷን ታባርራታለች፤ ያኔ ዙሀራን የጨረስኳት እኔ ነኝ ማለት ነው።

አስገባኋት። ሲስተሙ አልቀበልም አለ። ቀይ ጽሑፉን ሳነበው ስህተቱ የችኮላ ነው፣ አሮጌዋን በአዲሷ ስም ነበር የምትፈልጋት። ማረም ጀመርኩ። መሀል ላይ መብራት ሄደ።

መብራት ሲጠፋ ሰርቨሩን በባትሪ የሚያቆየው ዩፒኤስ ጢጥ ጢጥ ማለት ጀመረ። ባትሪው ያረጀ ነው፤ ይቀየር ብዬ ጉሮሮዬ እስኪነቃ ጮኼበታለሁ። በቃ፣ አበቃ አልኩ። ጋሽ ፈለቀ አሁን ምንም ማድረግ አያስፈልጋቸውም፤ እጃቸውን አጣጥፈው መቆም ብቻ ይበቃቸዋል። ዘወር ብዬ አየኋቸው። ከዩፒኤሱ ላይ የፕሪንተሩን ገመድ ነቀሉ። የካሜራውን ነቀሉ። ቀጥሎ ወደ ክፍላቸው ገብተው የራሳቸውን ኮምፒውተር ነቀሉ። ከጠዋት ጀምሮ ሲጽፉት የዋሉትን ሪፖርት ሳያስቀምጡ እንደነቀሉት በኋላ ነው ያወቅኩት። ዩፒኤሱ ላይ ሰርቨሩና የኢንተርኔቱ ሳጥን ብቻ ቀሩ፤ የእኔ ላፕቶፕ በራሱ ባትሪ ይሠራል።

«ቀጥይ» አሉኝ።

አቀባይን እንደገና አስገባኋት። ስክሪኑ ነጭ ሆነ፣ ነጭ እንደሆነ ቆየ። ከዚያ አንዲት መስመር ወጣች፤ የዙሀራ ማሳ፣ ክብደቱ፣ ከጎኑም «አሻራ ይጠበቃል» የሚል። አሮጌዋ ለካ እንዲህ ጠብቃ ይዛው ኖሯል! ጠረጴዛውን በቡጢ መታሁት። ጋሽ ፈለቀ ተሳካ ብለው ተነፈሱ።

አልተሳካም ገና። ያለ አሻራ እኔው ላጸድቀው እችላለሁ፣ ሲስተሙ የእኔ ነው። ግን እኔ ሄርማታ ተቀምጬ ያስገባሁት ቁጥር የሙሀጅርን አፍ አይዘጋም፤ ሲሃም ዘመዷ፣ ቲቲ የሲሃም ጓደኛ፣ ተባብለው ጻፉላት ይላል። እኔም ብሆን እላለሁ። የሚያስፈልገው የዙሀራ ጣት ነው፤ በዚያው ታብሌት፣ በዚያው ባልተዘጋው ገጽ። ዙሀራ ደግሞ ሽማግሌዎቹ ፊት ናት፣ ዳገቱ ላይ ያለው መስጊድ አጠገብ።

ሲሃም ታብሌቱን ደረቷ ላይ አቅፋ ባጃጅ ውስጥ ገባች። ታብሌቱ ሲገናኝ የሚታየኝ አንድ አረንጓዴ ነጥብ አለ። ባጃጁ ዳገቱን ሲጀምር ነጥቧ ግራጫ ሆነች። ግራጫ ሆና ከቆየች ሲስተሙ ተጠቃሚው ሄዷል ብሎ ገጹን ይዘጋዋል፤ ያንን ሕግ የጻፈችው ማን እንደሆነች አትጠይቁኝ። የዩፒኤሱ ጩኸት ፈጠነ። ጋሽ ፈለቀ ከኋላዬ ቆመው እግዚኦ፣ እግዚኦ ይላሉ። እኔ የማውቃቸውን ሁሉ ጠራሁ፤ ኪዳነ ምሕረትን ጠርቼ ስጨርስ፣ የሲሃምን ጸሎት ሲሃም ትጸልየው ብዬ ተውኩላት። ነጥቧ አረንጓዴ ሆነች።

ሲሃም ስልኳን ከፍታ በሹክሹክታ የምታየውን ትነግረኝ ጀመር። ሽማግሌዎቹ የመስጊዱ አጥር ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ታላቃቸው ኦቦ ጀቤሳ ለዐስር ሶላት ሊነሱ ነው፣ ለሶላት የሚታጠቡበት የውዱእ ማንቆርቆሪያቸው አጠገባቸው ነው። ሙሀጅር ቆሟል። ዙሀራ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ሲሃም ታብሌቱን ለዙሀራ ዘረጋችላት፣ ነገሩንም ለሽማግሌዎቹ በኦሮምኛ አስረዳቻቸው። ዙሀራ ቢስሚላህ ብላ ጣቷን ስታሳርፍ በስልኩ ሰማሁ።

እኔ ስክሪን ላይ ቀይ ወጣ፤ አሻራው አልታወቀም። ደገመች። ቀይ።

«ማሽኑም አላወቃትም» ሲል የሙሀጅር ድምፅ መጣ፣ ጮክ ሳይል፣ ረጋ ብሎ።

ከጠዋት ጀምሮ እሸት የለቀመ እጅ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ፤ የእሸቱ ሙጫ ይደርቅበታል፣ አቧራው ይለጠፍበታል። እጇን ትታጠብ፣ አሁኑኑ ትታጠብ በያቸው አልኳት። ሲሃም ተናገረች። ማንም አልተንቀሳቀሰም መሰለኝ፤ እዚያ ያለው ውሃ የሽማግሌው የውዱእ ውሃ ብቻ ነው። ዩፒኤሱ አሁን ጢጥ ጢጥ ማለቱን ትቶ ያለ ማቋረጥ ይጮኻል። ጋሽ ፈለቀ እጃቸውን ላዩ ላይ ጭነውበታል፣ እንደሚያመው ልጅ።

«ሲሃም፣ ምን ሆነ?»

ኦቦ ጀቤሳ ማንቆርቆሪያውን አንስተዋል አለችኝ። ወደ ዙሀራ ሳይሆን ወደ ሙሀጅር ነው የዘረጉት። ሙሀጅር እጁን ወደ ኋላ አደረገ። ሽማግሌው አላወረዱም፣ እንደዘረጉ ቆዩ። እጅ የሚያስታጥብ ታናሽ ነው፣ የሚታጠብ ታላቅ ነው፤ ይህን ሊሙም ሄርማታም፣ መስጊድም ቤተ ክርስቲያንም የሚያውቀው ነው። የሽማግሌው ድምፅ በስልኩ መጣ፣ በኦሮምኛ፣ ዝግ ያለ።

«ያዝ፤ አስታጥባት።»

ከዚያ የተሰማኝ የውሃው ድምፅ ነው፣ አፈሩ ላይ ሲወርድ። ዙሀራ የቀኝ ጣቷን በነጠላዋ አደረቀች፣ አሳረፈች። ስክሪኔ ላይ ያለችው መስመር አረንጓዴ ሆነች፣ አባወራ የሚለው ጠፍቶ በቦታው የዙሀራ ሙሉ ስም ገባ፣ ባለማሳ ከሚል ጋር። አሮጌዋ ኮምፖነንት ሥራዋን ጨርሳ ወጣች። ተመዝግቧል የሚለውን ቃል አንብቤ ሳልጨርስ ዩፒኤሱ ዝም አለ፣ ሰርቨሩም ጠፋ፣ ክፍሉም ጸጥ አለ። ጋሽ ፈለቀ ገብቷል ወይ ብለው ጠየቁኝ። ገብቷል አልኳቸው። እንባዬ መጣ፣ ደግሞም በእሱ ተናደድኩ።

ስልኩ አልተዘጋም ነበር። ሲሃምን አለቀ፣ ሁሉም አለቀ፣ ወደ ጣቢያው ተመለሺ አልኳት። ውሃው አሁንም ሲወርድ ይሰማል።

«ቲቲ» አለች፣ «ዙሀራ ለሙሀጅር ግራ እጇንም ዘረጋችለት። እያስታጠባት ነው።»